በረከትን እየቆጠሩ መስጠት፦ ከገና በፊት ያሉት ቀናት ታሪክ



ኅዳር ሲጋመስ በየዓመቱ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። “አድቬንት የሚባለው ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ ወይ? እኛንስ ምን ይመለከተናል?” የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁን ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ቤተ ሰቦች ናቸው። ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከአሜሪካ ሃያ አራት ትንንሽ በሮች ያሉት ካርቶን ይላክላቸዋል። ልጆች በየቀኑ አንዷን በር እየከፈቱ ቸኮላት ያወጣሉ፤ ወላጆች ደግሞ ነገሩ መንፈሳዊ ይሁን የገበያ መለየት ያቅታቸዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ቃሉ የላቲን ነው፤ “መምጣት” ማለት ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶችና በመካከላቸው ያሉትን ቀናት በዚህ ስም ይጠራሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ የታዘዘ ሥርዓት አይደለም። በአገራችን የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ያውቁታል፤ ከቀረነው ወንጌላውያን አብዛኞቻችን አንጠብቀውም፤ ጠብቁ ብለንም ማንንም አናስገድድም። ይህን የምንጽፈው በታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ስላገኘን ነው። ከገና በፊት ያሉትን ቀናት መቁጠርና ለድሃ መስጠት ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ናቸው፤ የተለያዩት በቅርብ ነው። መልሰው ቢገናኙ ለቤቶቻችን ይበጃል ብለን እናምናለን።

እስቲ ወደ ሃምቡርግ እንሂድ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህች የጀርመን የወደብ ከተማ በንግድ የከበረች ነበረች፤ በጓሮዋ ግን ድሆች በጠባብ ክፍሎች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ዮሐን ሂንሪሽ ቪኸርን የተባለ የሥነ መለኮት ምሩቅ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲያገለግል የእነዚህን ልጆች ቤት እየዞረ ይጎበኝ ነበር። እሱም ችግርን የማያውቅ ሰው አይደለም። በ1808 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አባቱ ስለ ሞተበት፣ የሰባት ልጆች ታላቅ እንደ መሆኑ ተማሪዎችን እያስጠና እናቱን ረዳ።

በ1833 እ.ኤ.አ.፣ በ25 ዓመቱ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሆርን በተባለ መንደር አንድ አሮጌ የሣር ክዳን ቤት ከአንድ ባለ ሥልጣን ተሰጠው። ቤቱ “ራውኸስ ሃውስ” ይባል ነበር። ከእናቱ ጋር ገባና ጎዳና የወደቁትን፣ ሌብነት የለመዱትን፣ ወላጅ ያጡትን ወንዶች ልጆች መቀበል ጀመረ። ልጆቹን በአንድ ትልቅ አዳራሽ አላጎራቸውም። ዐሥራ ሁለት ያህል እየሆኑ፣ “ወንድም” የሚባል ታላቅ አብሯቸው እየኖረ፣ በቤተ ሰብ በቤተ ሰብ አደረጋቸው። ቤተ ሰብ ላልነበራቸው ልጆች የመጀመሪያው ስጦታ ቤተ ሰብ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ1839 እ.ኤ.አ. የገና ወራት ሲደርስ ልጆቹ “ገና መቼ ነው? ስንት ቀን ቀረው?” እያሉ አስቸገሩት ይባላል። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቪኸርን አንድ የጋሪ መንኮራኩር ወስዶ ሃያ ትንንሽ ቀያይ ሻማዎችና አራት ትልልቅ ነጫጭ ሻማዎች ተከለበት። በዚያ ዓመት የአድቬንት የመጀመሪያ እሑድ የዋለው ዲሴምበር 1 ስለ ነበር ሒሳቡ ልክ ይመጣል፤ አራት እሑድ ሲደመር ሃያ የአዘቦት ቀን። በየቀኑ በጸሎት ሰዓት አንድ ሻማ ተጨምሮ ይበራል፤ እሑድ ሲሆን ትልቁ። ልጆቹ ስንት ቀን እንደ ቀረ በዓይናቸው ቆጠሩ፤ ክፍሉም ገና በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ እየጨመረ ሄደ።

ዛሬ በአውሮፓ ሱቆች ባለ አራት ሻማ የአድቬንት ጉንጉን በየዓይነቱ ይሸጣል። መነሻው ግን ማንም ከቁጥር ያላስገባቸው ልጆች ናቸው። ቤቱ የሚተዳደረው ለጋሶች በሚልኩት ስለ ነበር ሻማው ሳይቀር የሰው ስጦታ ነበር ማለት ይቻላል። ይኸው ሰው በ1848 እ.ኤ.አ. ዊተንበርግ ላይ በተደረገው የጀርመን ወንጌላውያን ጉባኤ ተነሥቶ፣ እምነት የቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ሁሉ ለተጎዱት የሚደረግ የፍቅር ሥራም የራሷ መሆኑን እንድታውቅ ተማጸነ። ከዚያ በኋላ “የውስጥ ሚስዮን” የተባለው የርኅራኄ አገልግሎት በጀርመን ተስፋፋ።

የቸኮላቱ ካርቶን ታሪክ አጭር ነው። በዚያው መቶ ዘመን የጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተ ሰቦች በር ላይ ሃያ አራት መሥመር በጠመኔ ያሰምሩ ነበር፤ ልጆች በየቀኑ አንዱን ያጠፋሉ። ጌርሃርት ላንግ የተባለ ሰው በልጅነቱ እናቱ ሃያ አራት ጣፋጮች በካርቶን ላይ አድርጋ ትሰጠው ነበር፤ ካደገ በኋላ በሙኒክ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ያንን አስታውሶ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የታተመ የአድቬንት መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ቀጥሎ የሚከፈቱ በሮች መጡ፤ ከዚያ ቸኮላቱ። በቸኮላት ላይ ጠብ የለንም። ልብ የምንለው የእጁን አቅጣጫ ነው። ልጁ በየቀኑ እጁን የሚዘረጋው ለመቀበል ብቻ ሆነ፤ ሃያ አራት ቀን ሙሉ።

ከቪኸርን በፊትስ? በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ስሙ በክፉ የሚነሣው የሮሙ ልዮን (ስለዚያ ክርክር አሁን አንገባም) በ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በታኅሣሥ ጾም ላይ የሰበካቸው ስብከቶች ዛሬም አሉ። ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር ነው፤ ጾመኛው ሳይበላ ያስቀረው ምግብ ለድሃው ካልደረሰ ጾሙ ጎዶሎ ነው ይላል። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በዛሬዋ ፈረንሳይ የቱር ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ፐርፔቱስ ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ገና ምእመናን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾሙ ሥርዓት አወጣ። ኖቬምበር 11 የቱሩ ማርቲን መታሰቢያ ነው፤ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ለማኝ ካባውን ለሁለት ቀዶ ግማሹን አካፈለ የሚባልለት ወታደር። ወደ ገና የሚወስደው መንገድ በምዕራቡ ዓለም የተጀመረው እንግዲህ በተቀደደ ካባ ደጃፍ ነው።

በአገራችንም ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያትን ይጾማሉ። በታኅሣሥ ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብለው ይጠሯቸዋል፤ ነቢያት የተናገሩለት፣ ብርሃን የሆነው፣ እረኛ የሆነው ይመጣል ለማለት። ከእኛ መካከል በዚያ ቤት ያደግን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትወድቀውን የሳንቲም ድምፅ አንረሳም።

አሁን አንድ ሰው “እንዲያ ከሆነ በምጽዋት ወደ መጽደቅ እየመለሳችሁን አይደለም ወይ?” ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በችኮላም አናልፈውም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙ ሰው ምጽዋት የሚሰጠው ለነፍሱ ዋጋ እንዲሆንለት ነበር። ለማኙ ለሰጪው የጽድቅ መሰላል ሆኖ ተቆጠረ። ሉተር ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ነገር ግን “እንግዲያውስ መስጠት ቀረ” አላለም። በ1523 እ.ኤ.አ. ላይስኒሽ የተባለችው ትንሽ የሳክሶኒ ከተማ ምእመናን የጋራ ሣጥን ሲያቋቁሙ ደንባቸውን በራሱ መቅድም አሳተመላቸው። ሣጥኑ አራት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በመኳንንቱ፣ አንዱ በከተማው ምክር ቤት፣ አንዱ በከተማው ነዋሪ፣ አንዱ በገጠሩ ገበሬ እጅ። አንዱ ያለ ሌሎቹ አይከፍተውም። ገንዘቡ ለአረጋውያን፣ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ሠርቶ መኖር ላቃተው ቤተ ሰብ ይውላል።

እዚህ ላይ የነገሩ መሠረት ተለወጠ። ጸጋው ቀድሞ በነጻ ተሰጥቷል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ የሚገዛው ነገር የለም። ምስጋና ብቻ ነው። ምስጋና ደግሞ ምን እንደ ተቀበለ ካላወቀ ባዶ ቃል ስለሚሆን መቁጠር ይፈልጋል።

ይህን ያስተማረን ሉተር ብቻ አይደለም። ዘዳግም 26ን ከቤተ ሰባችሁ ጋር አንብቡት። እስራኤላዊው የምድሩን በኵራት በእንቅብ ይዞ በእግዚአብሔር ፊት ሲቀርብ ዝም ብሎ አስቀምጦ አይመለስም። የቤተ ሰቡን ታሪክ ከአባቱ ስደት ጀምሮ፣ በግብፅ ያየውን መከራ፣ እንዴት እንደ ወጣ፣ እዚህች ምድር እንዴት እንደ ገባ በአፉ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ እሱና ቤቱ፣ ሌዋዊውና በመካከላቸው ያለው መጻተኛ አብረው ደስ ይላቸዋል። በረከት ተቆጠረ፤ ተሰጠ፤ መጻተኛውም የደስታው ተካፋይ ሆነ። ቆጠራው ከቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ጋ እስኪደርስ አላለቀም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ይህ አሳብ በሴቶች እጅ በየቤቱ ገባ። ሎቲ ሙን በ1840 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተወልዳ በ1873 እ.ኤ.አ. ለወንጌል ወደ ቻይና ሄደች። ፒንግዱ በተባለው አካባቢ ብቻዋን ስታገለግል፣ ረዳት የሚሆኑ ሠራተኞች እንዲላኩ ለአገሯ አብያተ ክርስቲያናት ደጋግማ ጻፈች። በ1887 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው አሳብ ቀላል ነበር። ከገና በፊት ያለው ሳምንት የጸሎትና የመባ ሳምንት ይሁን አለች፤ ቤተ ሰብ ለቤተ ሰብ ስጦታ በሚሰጥበት ሰሞን፣ የስጦታዎች ሁሉ ምክንያት የሆነውን ስጦታ ያልሰሙትን ማሰብ ይገባል በሚል። በ1888 እ.ኤ.አ. የደቡብ ባፕቲስት ሴቶች ሁለት ሠራተኞች ለመላክ 2,000 ዶላር እናሰባስብ ብለው ተነሡ። የተገኘው 3,315 ዶላር ሆነ፤ ለሦስት በቃ። ሎቲ ሙን የሞተችው ወደ አገሯ ስትመለስ በጃፓን ኮቤ ወደብ መርከብ ላይ ነው፤ ቀኑ ዲሴምበር 24፣ 1912 እ.ኤ.አ.፣ የገና ዋዜማ። በስሟ የሚጠራው የገና መባ እስከ ዛሬ ይሰበሰባል።

በ1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች የተባበረ መባ አሰባሰቡ። የመጀመሪያው 2,188 ዶላር ከ64 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ገንዘብ በአላስካ አንቪክ በተባለ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ አንዲት ሚስዮናዊትም ወደ ጃፓን ተላከች። የዚህ መባ ሥርዓት ቆይቶ በየቤቱ በምትቀመጥ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን ታወቀ። አንድ የሚያመሰግኑበት ነገር ባጋጠማቸው ቁጥር አንድ ሳንቲም ይጥሉባታል። የታመመ ልጅ ትኩሳቱ ሲበርድለት፣ የጠፋ ቁልፍ ሲገኝ፣ ዝናብ ሲያባራ። ስድሳ አራቷ ሳንቲም ደስ ትለናለች፤ ማንም ወደ ሙሉ ቁጥር አላጠጋጋትም።

ሀብታም አገር ስለ ሆኑ ነው የሚል ካለ ወደ ሚዞራም ይመልከት። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ያሉ የሚዞ ክርስቲያን ሴቶች ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሩዝ ለማብሰል ሲነሡ በየጊዜው አንድ እፍኝ ለብቻ ያስቀምጣሉ። የተጠራቀመው ተሰብስቦ ይሸጥና ለወንጌል ሥራ ይውላል። ብዙዎቹ ጥሬ ገንዘብ እጃቸው የማይገባ ነበሩ። እፍኝ ሩዝ ግን የዛሬ ምግብ መኖሩን ይናገራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቆጠር በረከት ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል በቆሎና ቡና ተሸክመው ለመባ የሚመጡ እናቶችን ያየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማውጣት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቀን እቁብ የምትጥል ነጋዴ ታውቀዋለች። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ዛሬ በብዙ መድረኮቻችን “በረከት” የሚለው ቃል ጠብቦ መኪና፣ ኮንዶሚኒየምና ቪዛ ሆኗል። እንዲህ የተረዳ ሰው በረከቱን ሲቆጥር ወይ ይኮራል፣ ወይ ጎረቤቱን አይቶ ይከፋል። በኪራይ ቤት የምትኖር እናት “እኔ ምን አለኝና ልቁጠር?” ብላ ትቀራለች። የሰማያዊ ሣጥኗና የእፍኝ ሩዙ ታሪክ ይህን ያርመዋል። የሚቆጠረው ትንሹ ነው፤ የለመድነው ነገር። ቆጠራውም በቤት ውስጥ አይቀርም።

በጉባኤያችን ጥቂት ቤተ ሰቦች ይህን የሚያደርጉት እንዲህ ነው። አንድ ባዶ ቆርቆሮ ወይም የካርቶን ሣጥን ማዕድ አጠገብ ይቀመጣል። በየምሽቱ ከጸሎት በፊት አንድ ነገር ይመረጥና ቤት ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ቀን ጫማ፣ አንድ ቀን ብርድ ልብስ፣ አንድ ቀን በዚያ ሳምንት ውኃ የመጣባቸው ቀናት፣ አንድ ቀን በሕይወት ያሉ አያቶች፣ አንድ ቀን ማንበብ የሚችሉ የቤቱ ሰዎች። ለእያንዳንዱ እንደ አቅም ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ብር፣ ዐሥር ብር ይገባል። ቡና በተፈላ ቀን በስኒ ይቆጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ስኒ ራሱ ስሙ በረካ ነውና ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። መቁጠሩን ለልጆች ተዉላቸው። ጫማ ሲቆጥሩ አልጋ ሥር ገብተው የተረሳውን ሁሉ ያወጣሉ፤ አባት “ይሄ አይቆጠርም፣ አርጅቷል” ሲል ልጁ “ይቆጠራል!” ይላል። በዚያ ሙግት ውስጥ ከስብከታችን የሚበልጥ ትምህርት አለ። ገንዘብ የሌለው ቤት እፍኝ ሽሮ ወይም እፍኝ ጤፍ ያስቀምጥ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 እንዳስረዳው የሚጠየቀው ካለው ነው፤ ከሌለው አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ከበድ ያለ ነው። የተጣጠፈ ንጹሕ ልብስ በምትቆጥሩበት ምሽት ማን እንዳጠበው ጠይቁ። በቤታችሁ የምትሠራ እህት የወር ደመወዟ ሳይከፈላት ሳምንታት ካለፉ፣ ያ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ብር የእናንተ አይደለም፤ የእሷ ነው። ዘሌዋውያን 19 የሠራተኛ ደመወዝ አያድር ይላል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተያዘው ደመወዝ ወደ ጌታ ይጮኻል ይላል። ኢሳይያስ 58ን ከአድቬንት መጀመሪያ በፊት አንብቡና ዕዳችሁን ክፈሉ፤ ከዚያ ቁጠሩ። እሷም ከማዕዱ ትቅረብ፤ ከቆጣሪዎቹም አንዷ ትሁን። የሐዋርያት ሥራ 10 ቆርኔሌዎስን ሲያስተዋውቀን ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ለሕዝቡም ብዙ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ይለዋል። በዚያ ዘመን ቤተ ሰው ሲባል አገልጋዮቹም ይቆጠሩ ነበር።

ሣጥኑ በዋዜማው ይከፈታል። ድምሩን ለጉባኤ መናገር፣ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ አያስፈልግም፤ ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ቀኝና ስለ ግራ እጅ የተናገረው ለስልክ ካሜራም ይሠራል። ለማን እንደሚሰጥ ቤተ ሰቡ ተመካክሮ ይወስን፤ የምታውቁትን አንድ ቤት መምረጥ ይሻላል። የሚቀበለው ሰው እንዳያፍር በዲያቆን ወይም በሽማግሌ እጅ ብትልኩት መልካም ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ውጭ አገር ያላችሁ በዲሴምበር 25 የምታከብሩ ከሆነ ከዲሴምበር 1 እስከ 24 ቁጠሩ። ሁለቱንም ገና የምታከብሩ ቤተ ሰቦች አሜሪካና አውሮፓ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ አንዱን ምረጡ፣ አለዚያ ልጆቹ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ያስከፍቷችኋል። አገር ቤት ያለን ታኅሣሥ 5 ጀምረን እስከ ታኅሣሥ 28 ብንቆጥር ሃያ አራት ይሞላል፤ በማግሥቱ ገና ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን ገና በታኅሣሥ 28 ስለሚውል በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ቀድማችሁ በታኅሣሥ 4 ጀምሩ።